ትንሿ የጨዋታ ኮምፒዩተር፤ ሒሳቡ ከዋት ይጀምራል

የጨዋታ ኮምፒዩተር የሚፈልግ ደንበኛ ወደ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ሱቆች ብቅ ሲል የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ካርዱ ምንድን ነው?» የሚል። ዋጋውን የሚቆርጠው የግራፊክስ ካርዱ ስም ነው። ደላላው በስልክ የሚጠራው እሱኑ፣ አስመጪው ከዱባይ ዕቃ ሲያዝ አስቀድሞ የሚያጣራው እሱኑ ነው። ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ማቀዝቀዣው ግን «ሌላው ይሟላለታል» በሚል አንድ ቃል ይታለፋሉ።

ገበያው ከትልቁ ታወር በቀር ሌላ በማያውቅበት ጊዜ ይህ ልማድ ብዙም አይጎዳም ነበር። ሰፊ ሳጥን ስህተትን ይችላል። ካርዱ ቢረዝም ቦታ አለ፣ ሙቀቱ ቢበዛ አንድ ፋን ይጨመራል፣ ፓወር ሰፕላዩ ቢደክም ከየትኛውም ሱቅ ሌላ ተገዝቶ ይተካል። ትንሿ ሳጥን ግን ይህን ሁሉ አትፈቅድም። በትልቁ ሳጥን ውስጥ የጥቂት መቶ ብር ጉዳይ የነበረው ስህተት በትንሿ ውስጥ የካርዱን ሙሉ ዋጋ ሊበላ ይችላል። ስለዚህም ትንሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር የሚገጥምም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ የቆየውን ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል። ሒሳቡ ከካርዱ ስም ሳይሆን ከዋት መጀመር አለበት።

ጀሪካን የማታክለው ሳጥን

የኮምፒዩተር ሳጥን ትልቀት በዓለም ገበያ የሚለካው በሊትር ነው። የተለመደው ታወር ከ40 እስከ 50 ሊትር ይሆናል። «ትንሽ» የሚለው ስም የሚሰጠው በአብዛኛው ከ20 ሊትር በታች ለሆነው ነው፤ በየቤቱ ውኃ ከሚቀዳበት ቢጫ ጀሪካን የማይበልጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውና ብዙ ገጣሚዎች የሚያውቁት የኩለር ማስተር ኤንአር200 ኬዝ 18 ሊትር ገደማ ነው። በ2023 የወጣው የፍራክታል ቴራ ደግሞ ከ10 ሊትር እምብዛም አያልፍም።

የዚህ ሁሉ መሠረት ቪአይኤ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ሚኒ አይቲኤክስ የተሰኘ የማዘርቦርድ መለኪያ ነው። ቦርዱ በአራቱም ጎን 17 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የካርድ መሰኪያ ብቻ ሲኖረው የራም መሰኪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፉም። በተመሳሳይ ቺፕሴት የሚሠራው ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ሰፋ ያለና ብዙ መሰኪያ ያለው ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሚኒው ያነሰ ነው። በፓወር ሰፕላይም በኩል ነገሩ ያው ነው። ለትንንሽ ሳጥን የሚሠራው ኤስኤፍኤክስ የተባለው ዓይነት ዋቱ እኩል ከሆነ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይወደዳል። ኬዙም ቢሆን ከተራ ታወር ይበልጣል።

እንግዲህ ገዢው ለአነሰ ዕቃ የበለጠ ይከፍላል። ይህ ጭማሪ ለኮምፒዩተሩ ፍጥነት አንዲት ነጥብ አይጨምርም። የሚገዛው ቦታ ብቻ ነው። በኢኮኖሚ ቋንቋ ሲነገር፣ ጭማሪው የሚያዋጣው የተረፈው ቦታ ከጭማሪው በላይ ዋጋ ላለው ሰው ነው።

ለማን ያዋጣል?

ይህን መመዘኛ ይዞ ገበያውን መቃኘት ይቻላል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የጨዋታ ቤት ነው። በሠፈሩ ያለውን የፕሌይስቴሽን ቤት ወደ ኮምፒዩተር ማሳደግ የሚሻ ወጣት ባለሀብት፣ የሱቅ ኪራይ በካሬ ሜትር ስለሚከፈል ትንንሽ ሳጥን ብዙ ደንበኛ እንደሚያስገባለት ይገምታል። ግምቱ ሲመረመር ግን አይጸናም። በጨዋታ ቤት ወለሉን የሚይዘው ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና የተጫዋቹ ክርን ነው። ታወሩ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። በ10 ወንበር ቤት ውስጥ 10 ታወር በ10 ትንንሽ ሳጥን ቢተካ አንድ ተጨማሪ ወንበር እንኳን ላይገባ ይችላል። ለጨዋታ ቤት የሚበጀው ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ያለው፣ በቀላሉ ተከፍቶ የሚጠገን፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ ተራ ታወር ነው። ለትንሽነቱ የሚከፈለው ጭማሪ በስታቢላይዘር ወይም በጥሩ ወንበር ላይ ቢውል የበለጠ ያተርፋል።

ትንሿ ሳጥን ጥቅም የምትሰጠው ለሌላ ገዢ ነው። በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል የሆነበት ሠራተኛ አለ። ኮምፒዩተሩን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጦ በአንድ ስክሪን ፊልምም ኳስም ጨዋታም የሚያይ ቤተሰብ አለ። ቀን ቪዲዮ የሚያቀናብርበትን መሣሪያ ማታ ለጨዋታ የሚጠቀምና ከቤት ወደ ስቱዲዮ ይዞት የሚመላለስ ባለሙያ አለ። ለእነዚህ ቦታው ገንዘብ ነው። ነጋዴው ለማን እንደሚሸጥ ሳይለይ «ዘመናዊ ነው» ብሎ ለሁሉም ቢያቀርብ ካፒታሉ መደርደሪያ ላይ ይታሰራል።

ዋቱ የት ይሄዳል?

ገዢው ከተለየ በኋላ ወደ መሣሪያው ይኬዳል። ኮምፒዩተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ሳጥኑ ስንት ዋት ይችላል የሚለው ነው፤ ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመረጡት ከዚያ ውስጥ ተቆርሶ ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር ስሙ 65 ዋት ቢሆንም ሥራ ሲበዛበት እስከ 88 ዋት ይወስዳል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 ካርድ 115 ዋት ነው። ለቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለኤስኤስዲውና ለፋኖቹ 50 ዋት ቢታከል ድምሩ 250 ዋት አካባቢ ይመጣል። ለዚህ 450 ዋት የሆነ እውነተኛ ኤስኤፍኤክስ ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ፋን ብቻ ያላቸውና ርዝመታቸው 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ 4060 ካርዶችም ስላሉ ቦታውም አይቸግርም።

አሁን በዚያው ሳጥን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5070 ይግባ። ካርዱ ብቻውን 250 ዋት ነው። ይህም የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ጠቅላላ ፍጆታ ማለት ነው። ድምሩ ወደ 390 ዋት ይጠጋል። ፓወር ሰፕላዩ መለወጥ፣ ኬዙ መስፋት፣ ማቀዝቀዣው መሻሻል ይኖርበታል። ገዢው የካርዱን ልዩነት ብቻ የከፈለ ይመስለዋል እንጂ የሚከፍለው አራት ቦታ ላይ ነው።

በተመሳሳይ ዋጋ የሚወጡ ካርዶች እንኳን በዋት ይለያያሉ። 4060 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ የመነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ተተኪው 5060 በ2025 በዚያው በ299 ዶላር ወጣ፤ ነገር ግን 145 ዋት ነው። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ የ30 ዋት ጭማሪም አብሮ መጥቷል። በታወር ውስጥ ይህ ልዩነት አይታይም። በ10 ሊትር ሳጥን ውስጥ ግን ፋኑ በጸጥታ በመዞርና እንደ ወፍጮ በመጮህ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ጥሩ ገጣሚ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። የካርዱን የዋት ጣሪያ በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዋቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀነስ የሚጠፋው ፍጥነት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ሲል ብዙ ዋት ይጨምራል። ይህ ማስተካከያ ምንም ወጪ የለውም። ሆኖም ሱቆች ሲያደርጉት ብዙም አይታይም።

ፓወር ሰፕላይ፤ የማይቆጠብበት ቦታ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስጠፋው ቁጠባ ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚደረገው ነው። በገበያው «500 ዋት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ለጥፈው የሚሸጡ ስም የለሽ ዕቃዎች አሉ። ነጋዴው እስክሪብቶ አውጥቶ ማረጋገጥ የሚችለው ነገር ነው። በጎኑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር እንደሚሰጥ ተጽፏል። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። 18 አምፒር የሚል ከሆነ 18 ሲባዛ በ12፣ 216 ዋት ነው። «500» የሚለው ቁጥር ለማሳመሪያ የተለጠፈ ነው ማለት ነው። እውነተኛ 500 ዋት የሆነ ዘመናዊ ዕቃ በዚህ መስመር ወደ 40 አምፒር ይጠጋል።

ሁለተኛው የሚነበበው ነገር የሚቀበለው ቮልቴጅ ነው። ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ዕቃ ለ220 አካባቢ ብቻ ከተሠራው ይልቅ መውረዱን ይቋቋማል። የዋት ሒሳቡ እዚህም ይመለሳል። 250 ዋት የሚወስደው ኮምፒዩተር ከስክሪኑ ጋር 280 ዋት ቢደርስ 650 ቪኤ የሆነ ወደ 360 ዋት የሚሰጥ ተራ ዩፒኤስ ይሸከመዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። 390 ዋት የሚወስደው ግን ከስክሪኑ ጋር ከዚያ ዩፒኤስ አቅም በላይ ነው፤ ባለቤቱ የተሻለ ዩፒኤስ መግዛት አለበት። ይህ ወጪ በሱቁ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ገዢው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚመጣበት።

የሸገር አየር

ሌላም በዱባይም ሆነ በሼንዜን ሱቅ ማንም የማይነግረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው አየር በመጠን እኩል ቢሆን እንኳን በውስጡ ያለው ክብደት ያንሳል፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣውም ያንን ያህል ይቀንሳል። በውጭ አገር ባለ ቤተ ሙከራ «ይህ ኬዝ ይህን ካርድ ይችላል» ተብሎ የተጻፈው ምስክርነት እዚህ በሙሉ አይሠራም።

በርግጥ ከተማዋ ቀዝቃዛ ናት። የክፍሉ አየር ከዱባይ ወይም ከጂቡቲ በብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህም ከጉዳቱ የተወሰነውን ያካክሳል። አዲስ አበባ ላይ ተገጥሞ፣ ተፈትኖና ጥሩ ሆኖ ወደ ድሬዳዋ የሚላክ ኮምፒዩተር ግን ይህ ማካካሻ ይቀርበታል። አቧራው ሲጨመርበት ደግሞ በአየር ማስገቢያው ላይ ማጣሪያ የሌለው ትንሽ ኬዝ ከጥቂት ወራት በኋላ መታፈን ይጀምራል። የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ቀላል ነው። ፋብሪካው ከሚለው ጣሪያ በታች የተወሰነ ዋት ትርፍ መተው። ከ10 ሊትሩ ይልቅ የ18 ሊትሩ ሳጥን ለዚህ አገር የተሻለ ይሆናል። የመጀመሪያው ከ8 ሴንቲ ሜትር ያነሰ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ብቻ ሲያስገባ፣ ሁለተኛው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ይቀበላል። ትልቁ ማቀዝቀዣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአጭሩ አይወደድም።

ስሊሙ፤ የድሃው መንገድ

ሚኒ አይቲኤክሱ የሚከብደው ገዢ ሌላ መንገድ አለው። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው በዩዝድ ስም የሚመጡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ቀጭን ኮምፒዩተሮች ናቸው። ገበያው «ስሊም» ይላቸዋል። ኬዙ፣ ቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ ተሟልቶ ይመጣል። የሚጎድለው ለስሊሙ የሚሆን አጭር የግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። በጥንቃቄ ከተገዛ ከብር አንፃር ከዚህ የተሻለ ትንሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር ማግኘት ያስቸግራል። ጥንቃቄው ግን ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ዘመኑ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቢሮዎች ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልዱን የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ወርዶ ሲታይ ዕድል የተገኘ የሚመስለው አስመጪ ሌላው የጣለውን እየሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ 7500 አራት ኮር ሲሆን ስምንተኛው 8500 ስድስት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ስምንተኛውን መውሰድ ክርክር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው አሁንም ዋት ነው። የእነዚህ ስሊሞች ፓወር ሰፕላይ በአብዛኛው ከ180 እስከ 260 ዋት ብቻ ነው። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ አብዛኛዎቹ የላቸውም። ቅርጹም ሆነ መሰኪያው የየፋብሪካው የራሱ በመሆኑ ከሱቅ በተገዛ ሌላ አይተካም። ካርዱ ማግኘት የሚችለው የቦርዱ መሰኪያ የሚሰጠውን 75 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ባለ 75 ዋቱና በ2024 የወጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ባይቱ፣ ማለትም 70 ዋቱ፣ በአጭር ቅርጻቸው ይስማማሉ። የ3050 ስም ያለው ሁሉ ግን 70 ዋት አይደለም። ባለ 8 ጊጋው 130 ዋት ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ስሙን ብቻ ሰምቶ ያዘዘ ነጋዴ የማይገባ ዕቃ ይደርሰዋል።

ሦስተኛው የመሰኪያው ፍጥነት ነው። የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ለስሊም የተፈጠረ የሚመስል ካርድ ነው። ይሁንና ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው። በአዲሶቹ ቦርዶች ይህ አይጎዳውም። የስምንተኛና የዘጠነኛ ትውልድ ስሊሞች ግን የቀድሞው ፒሲአይ 3 መሰኪያ ስላላቸው የመተላለፊያው ፍጥነት በግማሽ ይወርድበታል። ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ደንበኛው «የተበላሸ ሸጣችሁልኝ» ብሎ ይመለሳል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ያገለገሉ ካርዶች ገበያ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈሩን ሲተው በዓለም ዙሪያ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ወደ ዩዝድ ገበያ ጎርፈዋል። መቆፈሩ ብቻውን ካርድን አይገድልም። ብዙዎቹ እስካሁን ይሠራሉ። የሚደክሙት ፋኖቹና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ ናቸው። በታወር ውስጥ ይህ ድካም ይደበቃል፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይጋለጣል።

ከድካሙ የሚብሰው ማጭበርበሩ ነው። የድሮ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ በውስጡ ያለው መለያ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠበት ጊዜ አለ። «አርኤክስ 580» ተብለው ከቻይና ከሚመጡት ውስጥ «2048ኤስፒ» የሚል የተጻፈባቸው በትክክለኛ መለኪያቸው 570 ናቸው። የላፕቶፕ ቺፕ ተለጥፎባቸው የዴስክቶፕ መልክ የያዙም አሉ። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከእነዚህ ብዙዎቹን ያጋልጣል። ሱቁ ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ካርዱን ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ጭነት አሠርቶ፣ የሙቀት ቁጥሩን ለገዢው አሳይቶ ቢሸጥ የሚያጣው ግማሽ ሰዓት ነው። የሚያገኘው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚለው ማስታወቂያ የተሻለ ስም ነው።

ራሙ ወርቅ ሲሆን

ከ2025 ማብቂያ ወዲህ ሒሳቡን የሚያዛባ ሌላ ጉዳይ መጥቷል። የዓለምን የኮምፒዩተር ማስታወሻ አብዛኛውን የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱም ፋብሪካቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚውለው ውድ ማስታወሻ ሲያዞሩ ለተራው ገዢ የሚቀረው አነሰ። በወራት ውስጥ የራም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ማይክሮን ለችርቻሮ ገዢ የሚያቀርብበትን ክሩሻል የተባለውን ንግዱን እንደሚተው አስታውቋል።

ይህ ለትንሿ ሳጥን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ መሰኪያው ሁለት ብቻ ስለሆነ «አሁን ትንሽ ገዝቼ በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው የታወር ዘዴ እዚህ አይሠራም። ሁለቱ መሰኪያ በባለ 8 ጊጋ ከተሞላ በኋላ ማሳደግ ማለት የገዙትን አውጥቶ መሸጥ ነው። ሁለተኛ፣ ለዲዲአር 5 ብቻ ከሚሠራው ከአዲሱ ኤኤም 5 ይልቅ ዲዲአር 4 የሚቀበለው ኤኤም 4 ቦርድ ከእነ ራይዘን 5 5600 እንደገና ትርጉም ያገኛል፤ በተለይ ያገለገለ ራም በእጁ ላለ ሰው። የዲዲአር 4 ዋጋም ቢሆን አልተረጋጋም። ነገር ግን በየዩዝድ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ተሟልቶ የሚመጣ ስሊም ዋጋውም የሚለካው ከዚህ በኋላ በፕሮሰሰሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው ራም ጭምር ይሆናል። ይህን ቀድሞ የገባው ነጋዴ ያተርፋል።

የዶላሩ ዳኝነት

ይህ ሁሉ በብር ሲመነዘር ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከላይ የተጠቀሰው የ299 ዶላር ካርድ በቀድሞው ዋጋ ያለ ቀረጥና ያለ ትርፍ 17 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። በ130 ብር ሲሰላ 38,870 ብር ይሆናል። በላዩ ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ይመጣል። በዚህ ዋጋ የተገዛ ካርድ በመጥፎ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል የሚተካው በዶላር ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ላይ የተቆጠበችው ጥቂት ሺህ ብር ያን ጊዜ ማንም አያስታውሳትም።

አንዳንድ ነጋዴዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። ገዢው የሚጠይቀው የካርድ ስም ነው፣ ስለ ዋት ቢነገረው አይገባውም፣ ሌላው ሱቅ ካርዱን ብቻ ጠርቶ ደንበኛውን ይወስደዋል የሚል። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ዋት አያውቅም ማለት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዛ እማወራ ቆጣሪው ይችል እንደሆነ ሳይጠይቅ አይገዛም። ስታቢላይዘር የሚገዛ ባለፍሪጅ ስንት ዋት እንደሚሸከም ያውቃል። ኮምፒዩተር ገዢው ያልጠየቀው ሻጩ ስላላነሳው ነው።

መፍትሔውም ብዙ ወጪ የለውም። ለእያንዳንዱ ትንሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር አንድ ወረቀት ይበቃል። በላዩ ሳጥኑ የሚችለው ዋት፣ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚወስዱት፣ የፓወር ሰፕላዩ የ12 ቮልት አምፒር፣ የሚያስፈልገው ዩፒኤስ፣ ከግማሽ ሰዓት ፈተና በኋላ የታየው የሙቀት ዲግሪ ይጻፍ። ይህን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር የሚሰጥ ሱቅ በመጀመሪያው ወር ሁለት ደንበኛ ያጣ ይሆናል። የሸጠው ዕቃ ግን ተመልሶ አይመጣበትም። ገዢውም ጎረቤቱን ይዞለት ይመጣል።

ለገዢው የሚቀረው ምክር አጭር ነው። መጀመሪያ ቦታው በርግጥ የሚያስፈልገው መሆኑን ይጠይቅ። ካልሆነ ታወር ይግዛና ልዩነቱን ይቆጥብ። ከሆነ ከሳጥኑና ከፓወር ሰፕላዩ ይጀምር፣ ራሙን በአንድ ጊዜ ይሙላ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ዋትና ብር የሚፈቅደውን ካርድ ይምረጥ። ካርድ በኋላ ሊለወጥ ይችላል። የጠበበ ሳጥንና የደከመ ፓወር ሰፕላይ ግን ነገ የሚመጣውንም ካርድ ይዘው ይወድቃሉ።